ዝም ማለት ያለበት ሣጥን፤ ስለ ሸክላ ማጫወቻ መቀመጫና ክዳን

የኪነ ጥበብ ሂስ ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ድርሰት፣ ተውኔት፣ ሥዕል ወይም ዜማ ነው። አንድ አናጢ አራት ሳንቃ አጋጥሞ የሠራው ሣጥን ወደ ሂስ መድረክ ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ዳሩ ግን የሰው እጅ ያለፈበትና የሰው ዓላማ ያረፈበት ነገር ሁሉ ይዘትና ቅርጽ አለው፤ ይዘትና ቅርጽ ያለው ነገር ደግሞ ሁለቱ ተስማምተዋል ወይስ ተጣልተዋል ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው ስለ ሸክላ ማጫወቻ የእንጨት መቀመጫና ስለ አቧራ መከላከያ ክዳኑ ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከሣጥኑ ሥር ያለው ጥያቄ ያለፈውን ድምፃችንን ልንሰማው ነው ወይስ ልናጌጥበት ነው የሚል ስለሆነ፣ ለአስተማሪውም፣ ለባህል ሠራተኛውም፣ ለከያኒውም የሚገባ ጥያቄ ነው እንላለን።

ጥያቄውን ያስነሣብን በጉባ ወረዳ፣ በማንኩሽ ከተማ፣ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ያየነው ማጫወቻ ነው። እንደ ብዙው መንገደኛ እኛንም ወደዚያ የወሰደን መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ነበር። የግድቡን ግዙፍነት የሚመጥን ቃል ስንፈልግ ውለን ወደ ማረፊያችን ስንመለስ ግን ዓይናችንን የያዘው በመቀበያው ክፍል ጥግ፣ በቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠ፣ ሁለት ክንድ ስፋት የማይሞላ ዕቃ ሆነ።

ማጫወቻው የውጭ አገር ሥራ ነው፤ ዕድሜው ከሃምሳ ዓመት አያንስም። የፋብሪካ መቀመጫውን ምስጥ ስለ በላው የቤቱ ባለቤት በአካባቢው አናጢ አዲስ አሠርተውለታል። አናጢው የተጠቀመው የቆላ ቀርከሃ ነው። ቀርከሃውን በቀጭኑ እየሰነጠቀ፣ በመላጊያ እያስተካከለ፣ ጎን ለጎን በኮላ እያጣበቀ ሳንቃ አደረገው፤ ማዕዘኑንም አንድ ሚስማር ሳያስገባ አጋጠመው። የቀርከሃው አንጓዎች በአራቱም ጎን በአንድ መስመር ሲሄዱ የጥበብ ቀሚስ ጥለት ይመስላሉ። ከላይ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ክዳን አለው፤ ከክዳኑ ላይ ነጭ ዳንቴል ተነጥፏል፤ ከዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ቆሟል። ይከፈት እንደ ሆነ አስተናጋጇን ብንጠይቃት፣ ‹‹ኧረ ጋሼ፣ እሱ እኮ ለጌጥ ነው›› አለችን።

የልጅቱ መልስ የዘመናችንን አመለካከት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያጠቃለለ ነው። በአዲስ አበባም በየሆቴሉና በየቡና ቤቱ ማጫወቻዎች ከአሮጌ ጀበናና ከተሸነቆረ አገልግል ጎን ተደርድረው እናያለን። ዓይን ይጠግባል፤ ጆሮ ግን ጾሙን ያድራል። የጉባው ሣጥን ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው በእውነተኛ ሙያ የተሠራ በመሆኑ ነው። ስለዚህም በቁም ነገር ሊተች ይገባዋል።

ለመሆኑ የማጫወቻ መቀመጫ ሥራው ምንድን ነው? በሸክላው ገጽ ላይ ከፀጉር የማይወፍር ቦይ ተቆፍሯል። በረጅሙ ሸክላ አንድ ገጽ ላይ ያለው ቦይ ቢዘረጋ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መርፌዋ በዚህ ቦይ ውስጥ ስትጓዝ የቦዩ ግድግዳ ያንቀጠቅጣታል፤ መንቀጥቀጧ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩም ወደ ድምፅ ይለወጣል። መርፌዋ ግን የሚያንቀጠቅጣት ምን እንደ ሆነ ለይታ አታውቅም። የዘፋኙ ትንፋሽ ያንቀጠቅጣት፣ የሞተሩ ንዝረት ያንቀጠቅጣት፣ በወለሉ ላይ የሚሄድ ሰው እርምጃ ያንቀጠቅጣት፣ ሁሉንም እኩል ድምፅ አድርጋ ታቀርበዋለች። እንግዲህ የመቀመጫው ተግባር ከዘፋኙ በስተቀር ሌላ ተናጋሪ ሁሉ ወደ መርፌዋ እንዳይደርስ መከልከል ነው።

የአገራችን እንጨት ሠራተኛ ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ሙያ ሲወርድ ሲዋረድ ወርሷል። የመሰንቆ ገበቴ የሚሠራውና ቆዳ የሚወጠርበት የጭራውን ንዝረት ተቀብሎ እንዲያጎላ ነው። ከበሮም እንዲሁ ነው። ገበቴው ካልተናገረ መሰንቆው ዱዳ ነው። የማጫወቻ ሣጥን ግን በራሱ መናገር የለበትም። መሰንቆ ሠሪው ቀጭንና ክፍት እንጨት ሲመርጥ፣ መቀመጫ ሠሪው ከባድ፣ ወፍራምና በልዩ ልዩ ንብር የተጣበቀ እንጨት መምረጥ አለበት፤ አንዱ ንብር የተቀበለውን ንዝረት ሌላው እንዲውጠው። ወይም ደግሞ የማጫወቻውን ሳህንና ክንድ በምንጭ ሽቦ ላይ አንጠልጥሎ ከሣጥኑ ማለያየት አለበት። ከ1965 እ.ኤ.አ. በኋላ የቶረንስ ቲዲ 150፣ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የስኮትላንዱ ሊን ሶንዴክ የሄዱበት መንገድ ይኸኛው ነው።

በዚህ ረገድ ለአናጢዎቻችን ክብር የሚጨምር አንድ የታሪክ ነጥብ አለ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በዓለም ከተደነቁት ማጫወቻዎች መካከል የእንግሊዙ ጋራርድ 301 እና የስዊሱ ቶረንስ ቲዲ 124 የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ ያለ መቀመጫ ነበር። ፋብሪካው ሞተሩን፣ ሳህኑንና የብረት ገበታውን ያቀርባል፤ መቀመጫውን ገዢው በሰፈሩ አናጢ ያሠራል። ስለዚህ አንዱ ማሽን በለንደን በአንድ ዓይነት፣ በሌላ አገር በሌላ ዓይነት ሣጥን ውስጥ ሆኖ የተለያየ ድምፅ ሰጥቷል። አናጢው የማሽኑ አልባሽ ብቻ አልነበረም፤ የድምፁ ተባባሪ ደራሲ ነበር ማለት ይቻላል። ቢያበላሽ ተወቃሽ፣ ቢያሳምር ተመስጋኝ ነው። የጉባውን ባለሙያ የምንተቸውም በዚህ ማዕረግ ነው።

ከመቀመጫው ወደ ክዳኑ እንለፍ። በየቦዩ የሚተኛ የአቧራ ቅንጣት ለመርፌዋ በመንገድ ላይ እንደ ወደቀ ቋጥኝ ነው። የመርፌዋ ክብደት ሁለት ግራም ያህል ቢሆንም፣ ጫፏ እጅግ ቀጭን በመሆኑ በቦዩ ግድግዳ ላይ የምታሳርፈው ግፊት ብርቱ ነው። አቧራውን ከግድግዳው ጋር ትፈጨዋለች፤ አንድ ጊዜ የተፈጨው ቦታም እስከ ዘለዓለም ይንጫጫል። ስለዚህ ክዳን የቅንጦት ነገር አይደለም፤ በተለይ በበጋ ምድሩ ዱቄት በሚሆንበት የቆላ አገር። ነገር ግን ክዳንም የራሱ ጠባይ አለው። ሰፊና ቀጭን ክዳን በድምፅ ማጉያው ፊት እንደ ተወጠረ የከበሮ ቆዳ ይንቀጠቀጣል፤ ንዝረቱንም በማጠፊያው በኩል ወደ ሣጥኑ ያወርዳል። ፕላስቲኩን በደረቅ ጨርቅ የሚወለውል ሰው ደግሞ ኤሌክትሪክ እየፈጠረበት አቧራን ወደ ሸክላው ይጠራል፤ ትክክለኛው በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ማበስ ነው።

የጥርት ክዳን ታሪክ ራሱ ትምህርት ይሰጣል። በ1956 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ብራውን ኩባንያ ኤስኬ 4 የተባለውን ራዲዮና ማጫወቻ ሲያዘጋጅ መጀመሪያ የታሰበለት ክዳን የብረት ነበር። ብረቱ በድምፁ ኃይል እየተንቀጠቀጠ ስላስቸገረ፣ ዲተር ራምስ የተባለው ወጣት ነዳፊ በጥርት ፕላስቲክ እንዲተካ ሐሳብ አቀረበ። ጎንና ጎኑ እንጨት፣ ክዳኑ እንደ መስተዋት የጠራ ሆኖ ገበያ ሲወጣ ሕዝቡ ‹‹የበረዶዋ ልጅ የሬሳ ሣጥን›› ሲል ቀለደበት። በጀርመኖች ተረት፣ በረዶ የመሰለችው ልጃገረድ በመርዝ ፖም ደንዝዛ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ትጋደማለች፤ የሞተች ትመስላለች እንጂ አልሞተችም፤ ሣጥኑ ሲነሣ ትነቃለች። ቀልዱ ከቀልድ ያለፈ ቁም ነገር ይዟል። ክዳን ሁሉ ሁለት ዕጣ አለው፤ ሲከፈት መጠበቂያ፣ ሳይከፈት ሲቀር መቃብር ይሆናል። በቤቶቻችን ራዲዮኑንም ቴሌቪዥኑንም በዳንቴል የምናለብሰው ከአክብሮት መሆኑን እናውቃለን፤ እናቶቻችን በኪሮሽ የለፉበትን ሥራ አናቃልልም። ነገር ግን አክብሮት ወደ ማዳፈን የሚሻገርበት ወሰን አለ። የጉባው ማጫወቻ ያንን ወሰን አልፎ አገኘነው።

በዚህ ክዳን ሥር የሚዳፈነው ምን ዓይነት ድምፅ ነው? ከአገራችን ጋር የድምፅ መቅረጫ የተዋወቀው በቤተ መንግሥት በር ነው። በ1898 እ.ኤ.አ. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የላከችው የድምፅ መልእክት በሰም ሲሊንደር ተቀርጾ መጣ፤ ከተሰማም በኋላ፣ አስቀድሞ በተደረገው ስምምነት መሠረት፣ ተደመሰሰ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዜማቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የንግሥቲቱ ድምፅ ጠፋ፤ የባለ ቅኔው ድምፅ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ እንደገና ታትሞ ለመሰማት በቃ። ከሁለቱ ዕጣ የምንማረው፣ ድምፅ የሚኖረው ስለ ተቀረጸ ብቻ ሳይሆን የሚጠብቀውና የሚያጫውተው ስላገኘም መሆኑን ነው።

ዘመናዊው የከተማ ሙዚቃም ያለ ድፍረት ወደ ሸክላ አልገባም። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ወጣቱ አምሃ እሸቴ ያን ደንብ ተዳፍሮ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን በውጭ አገር አሳተመ፤ በጥቂት ዓመታትም ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። አሊ አብደላ ካይፋም ተከተለ፤ እርሱ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣው የማሕሙድ አሕመድ ‹‹ኤረ መላ መላ›› በ1986 እ.ኤ.አ. በቤልጂግ እንደገና ታትሞ የአውሮፓን ጆሮ ወደ አገራችን አዞረ። ካሴት መጥቶ ሸክላን ሲተካ እነዚህ ሁሉ ድምፆች በየቤቱ ቀሩ። እኛ ማጫወቻውን ዳንቴል ስናለብስ፣ የውጭ ሰብሳቢዎች በየመንደሩ እየዞሩ ሸክላዎቹን ይገዙ ነበር። በዚህ እነርሱን መውቀስ አይቻልም፤ እነርሱ ሊሰሙት ፈልገው ነው የገዙት።

ጉባ ላይ ቆሞ ይህን ታሪክ የሚያስብ ሰው ግን ሌላ ጥያቄም ይነሣበታል። የእነዚያ ዓመታት የገበያ ሸክላ ከሁሉ በፊት የከተማ ባንድ ሙዚቃ ነበር። የበርታ ሕዝብ ከቅል ቁርጥራጮች እያያዘ የሚሠራው ረጅም መለከት፣ ዋዛ፣ የዚያ ገበያ ዕቃ አልነበረም። ስሙ በአማርኛ ጆሮ ዋዛ ይምሰል እንጂ ነገሩ ዋዛ አይደለም። እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚወለደው አንዱ ሲተው ሌላው እየተቀበለ፣ በብዙዎች ቅብብል ነው። ከነፊዎቹ አንዱ ቢጎድል ዜማው ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ይሆናል። የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦችም የየራሳቸው ዜማ አላቸው። የአገሪቱን ድምፅ እንደ አንድ የዋዛ ጓድ ብናየው፣ ከተማው በሸክላ ሲነፋ ይህ ምድር ተራው ሳይደርሰው ቆይቷል ማለት ነው።

ይህን እያሰብን የቤቱን ባለቤት አስፈቅደን ዳንቴሉን አነሣን። አናጢውም ተጠርቶ መጣ። በቤቱ ያለው ሸክላ አንድ ነጠላ ብቻ ነበር። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ መርፌዋ ቦዩን እንደ ነካች ግን ከድምፅ ማጉያው ኡኡታ ወጣ። ነገሩ ግልጽ ነው። ማጉያው ከማጫወቻው ጋር በአንድ ቁም ሣጥን ላይ ስለ ተቀመጠ፣ ድምፁ በእንጨቱ አድርጎ ወደ መርፌዋ ይመለሳል፤ መርፌዋም መልሳ ወደ ማጉያው ትልከዋለች፤ እንዲህ እየተመላለሰ ጩኸት ይሆናል። ውብ የሆነው የቀርከሃ ሣጥን ውስጡ ባዶ፣ ግድግዳው ስስ፣ እግሩም የሌለ በመሆኑ እንደ መሰንቆ ገበቴ ይዘምር ነበር።

አናጢው ጥፋቱን ለመሸፋፈን አልሞከረም። ‹‹ሣጥን ሥራ አሉኝ፤ ሣጥን ሠራሁ። ይጫወትበታል ያለኝ ሰው የለም›› አለ። በዚህ አነጋገር ውስጥ የሂሳችን ዋና ነጥብ አለ። ቅርጹ የተበላሸው በእጅ ጉድለት አይደለም፤ ይዘቱ ሳይነገረው በመቅረቱ ነው። አዛዡ ጌጥ አዘዘ፤ ሠሪው ጌጥ አስረከበ። ለመስማት የሚያዝ ቢኖር ኖሮ ሠሪው ለመስማት ይሠራ ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ይህን ያረጋግጣል። አናጢው ከአሮጌ የመኪና ጎማ፣ ከበረባሶ ጫማ ትራፊ፣ አራት ቁራጭ ቆርጦ ከሣጥኑ ሥር እንደ እግር አደረገ። በውሃ ልክ እየለካ አስተካከለው። ማጉያውን ወደ ሌላ ጠረጴዛ አዛወርን፤ ክዳኑንም ከማጠፊያው አውጥተን ለጊዜው ወደ ጎን አደረግነው። መርፌዋ ስትወርድ ኡኡታው ጠፋ። አቧራ ያቆሰለው ድምፅ፣ ከነመንጫጫቱ፣ የሰው ድምፅ ሆኖ ወጣ። በክፍሉ የነበሩት ሰዎች ንግግራቸውን አቋረጡ። አናጢው ግን የሚያዳምጠው ዘፈኑን ሳይሆን ሣጥኑን ነበር፤ መዳፉን በቀርከሃው ላይ አድርጎ፣ ‹‹አሁንም ትንሽ ይናገራል፤ ውስጡን በወፍራም ኮምፔንሳቶ እደግፈዋለሁ›› አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መቀመጫ ሠሪ ሆነ።

የቀርከሃው ምርጫ ራሱ የሚነቀፍ አይደለም። የአገራችን የቀርከሃ ደን ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሆን ይገመታል፤ አብዛኛው የቆላ ቀርከሃ ሲሆን፣ ቤንሻንጉል ጉሙዝም ከዋና መገኛዎቹ አንዱ ነው። የቆላው ቀርከሃ እንደ ደጋው ባዶ ቱቦ አይደለም፤ ውስጡ ድፍን ወይም ወደ ድፍን የቀረበ ነው። ተሰንጥቆ፣ ስታርቹ እንዲወጣ ተዘፍዝፎ ወይም ተቀቅሎ፣ በቦራክስ ከነቀዝ ተጠብቆ፣ ጭረቱ እየተጠላለፈ በንብር ላይ ንብር ቢጣበቅ ከባድና ንዝረትን የሚውጥ ሳንቃ ይወጣዋል። በሌሎች አገሮች ማጫወቻ የሚሠሩ ኩባንያዎች የቀርከሃ መቀመጫን ከሞከሩት ቆይተዋል። የጉባው አናጢ የጎደለው ንብሩና ክብደቱ ብቻ ነው።

ጉባ ከማጫወቻ ጋር ያላት ዝምድና በቀርከሃ ብቻም አይወሰንም። የብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚቀበለው ከኤሌክትሪኩ ሞገድ ነው። የአገራችን መስመር በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በአንዳንድ ማጫወቻዎች ሳህን ጠርዝ ላይ 180 ነጥቦች ተቀርጸው እናያለን፤ መብራቱ በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ሲል፣ ሳህኑ በደቂቃ 33 ከሲሶ ዙር በትክክል ከዞረ፣ ነጥቦቹ የቆሙ ይመስላሉ። ያንን ሞገድ የሚፈጥሩትና የሚጠብቁት በየኃይል ማመንጫው በአንድነት የሚዞሩት ማሽኖች ናቸው፤ ዛሬ ከእነርሱ መካከል የጉባዎቹ 13 ተርባይኖች አሉ። እንግዲህ በአዲስ አበባ አንድ ሸክላ ቃናው ሳይዛባ ሲዞር፣ ዙሩን ከሚያስጠብቁት አንዱ የዓባይ ውሃ በጉባ ነው። ዙሩን የሚሰጥ ምድር ድምፁ ያልተሰማ ሆኖ መቅረቱ ሊያሳስበን ይገባል።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል፣ ዘፈኑ ሁሉ ዛሬ በእጅ ስልክ ይገኝ የለምን ሊሉ ይችላሉ። ከፊል እውነት አላቸው። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በፈረንሳይ የታተመው የ‹‹ኢትዮፒክስ›› ተከታታይ ብዙውን ከመጥፋት አድኗል። ነገር ግን ያልተገለበጠው ሸክላ በየቤቱ ነው፤ ለመገልበጥም ቢሆን መጀመሪያ በጥሩ መቀመጫ ላይ በንጽሕና መጫወት አለበት። ኡኡታ ከሚያሰማ ሣጥን የሚገለበጠው ኡኡታው ነው። ከዚህም በላይ፣ ሸክላ ማዳመጥ በአንድ ክፍል በጋራ መቀመጥን፣ ገጹ እስኪያልቅ መታገሥን የሚጠይቅ ልማድ ነው። ለተማሪዎቻችን ይህን ልማድ ብናስተምራቸው አይጎዱም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ማጫወቻ በኤግዚቢሽን የሚያቆም የባህል ጽሕፈት ቤት ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ከፍቶ ያሰማው። የሙያ ማሠልጠኛዎች የእንጨት ሥራ መምህራን የመሰንቆን ገበቴና የማጫወቻን መቀመጫ ጎን ለጎን አቅርበው፣ አንዱ ለምን እንደሚናገር፣ ሌላው ለምን ዝም ማለት እንዳለበት ያሳዩ። ሸክላ ያለው ሰው ለባዕድ ከመሸጡ በፊት አስገልብጦ ቅጂ ያስቀር። በአሶሳና በመተከል ያሉ የባህል ሠራተኞችም የዋዛን ቅብብልና የጉሙዝን ዜማ ዛሬ በጥሩ መሣሪያ ይቅረጹ፤ ነገ የሚመጣ ትውልድ ባዶ ሣጥን እንዳይወርስ።

በማግሥቱ ከማንኩሽ ስንነሣ በመቀበያው ክፍል አለፍን። አስተናጋጇ የፕላስቲኩን አበባ ወደ መስኮቱ አዛውራው ነበር። ዳንቴሉንም አጥፋ ከሸክላው ሥር አስቀምጣዋለች፤ ክዳኑን በረጠበ ጨርቅ እያበሰች፣ ማታ ደግሞ ሰዎች ሊሰሙ እንደሚመጡ ነገረችን።